እትዬ ብሉ እና የቁምሳጥኗ አበባ

ለሰው ቅጽል ስም በማውጣት የሰፈር ልጅን የሚያህል የለም። በዳቦ ቤቱ መስኮት ዳቦ የምትሸጠውን ሴትዮ «እትዬ ብሉ» ያሏት እነሱ ናቸው። ሰው ካየች «ብላ»፣ «ብዪ»፣ «ኧረ ብሉ እንጂ» ሳትል ማለፍ አይሆንላትም። ዳቦ ሊገዛ የመጣን ሰው ዳቦውን ሸጣለት፣ መልሱን ቆጥራ ሰጥታው ስታበቃ፣ «እዚሁ ቆረስ አድርገህ ቅመስ፤ ፊትህ ገርጥቷል» ትለዋለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ መጀመሪያ በዚህ ጠባይዋ ይበሽቅ ነበር። በኋላ ግን ሰዉ ሌላ ዳቦ ቤት እያለፈ እሷ መስኮት ላይ ሲሰለፍ አየና አፉን ዘጋ። ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ያሉት ድመቶችም ከእሷ እጅ መብላት ከለመዱ ወዲህ አይጥ ማሳደድ ትተዋል፤ አይጦቹም ቢሆኑ ፍርፋሪ አላጡም።

እትዬ ብሉ የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድሟ የባዮሎጂ መምህር ሲሆን ተማሪዎቹ «ቅጠሉ» ይሉታል። ይህ ስም የወጣለት ከአንድ ምዕራፍ ጋር ባለው ፍቅር ምክንያት ነው፤ ሕያዋን ነገሮች ምግባቸውንና ጉልበታቸውን ከየት እንደሚያገኙ በሚናገረው ምዕራፍ። እሱ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ መምህሩ ሰዓትም ወርም ይጠፋበታል። ስለ አጥንት የሚናገረው ምዕራፍ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ተማሪ አጥንት እንዳለው ሳይነገረው ትምህርቱን ጨርሶ ወጥቷል።

«ዓለም ሁለት ናት» ይላል መምህሩ ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ራሱን የሚመግብ አለ፤ ሌላው የሚመግበው አለ። አረንጓዴ ተክል ብርሃን፣ ውሃና አየር ካገኘ የማንንም ፊት አያይም። የቀረው፣ ፍየሉም፣ ጅቡም፣ እንጉዳዩም፣ መዥገሩም የሌላ እጅ ጠባቂ ነው።»

ነገሩ በክፍል ቢያበቃ ደግ ነበር። መምህሩ ግን ትምህርቱን ይዞት ወደ ሰፈር ወጣ። የቤት አከራዩን መዥገር አለው። የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሥጋ በል አለው። ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉትን ጎረምሶች፣ ጥላ ሥር ስለሚበቅሉ፣ እንጉዳይ አላቸው። እህቱን ሥጋ ዘመዱ ናትና በለሆሳስ «ተመጋቢ» ይላታል። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደግሞ ሳህኑን ለጭማሪ ወደ እህቱ እየዘረጋ፣ «እኔ በሕይወቴ የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም» ይላል። እህቱም «እውነት ነው፣ ጋሼ» ብላ ትጨምርለታለች።

እትዬ ብሉ እዚህ ቤት የገባችው እናታቸው የሞተች ጊዜ፣ ገና በልጅነቷ፣ «ራስሽን እስክትችይ» ተብላ ነው። ራሷን የቻለችው ያኔውኑ፣ በሳምንቱ ይመስለኛል፤ የቻለች መሆኗን የነገራት ሰው ግን አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ዳቦ ቤት ትሄዳለች፤ ረፋድ ላይ ተመልሳ ታበስላለች፤ ቀትር ላይ የመምህሩን ምሳ በምሳ ዕቃ ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። በወጣትነቷ አንድ ሾፌር ጠይቋት ነበር። «ጋሼን ማን ያበላዋል?» ብላ መለሰችው። ከሾፌሩ በኋላ አንድ ነርስ ጠየቃት፤ እሱንም በዚሁ ጥያቄ ሸኘችው። መምህሩ በበኩሉ ለመምህራን ጓደኞቹ «እኔ ባልኖር ይቺ ልጅ ምን ይውጣት ነበር?» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ልጅቷ ሃምሳ ልትደፍን ነው። እሱ ደግሞ ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

አሁን ወደ አበባዋ እንምጣ።

መምህሩ ያ ተወዳጅ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር አንድ ሙከራ ያሳያል። በቆርቆሮ የተተከለች ሰፊ ቅጠል ያላት አበባ ለጥቂት ቀን ጨለማ ውስጥ ትቀመጣለች። ጨለማ ውስጥ ምግብ መሥራት ስለማትችል በቅጠሏ ያጠራቀመችውን ስታርች በልታ ትጨርሳለች። ከዚያ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ይቀቀላል፤ አረንጓዴው በአልኮል ይወጣል፤ አዮዲን ጠብ ይደረግበታል። ስታርች ካለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሌለው ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። የትምህርት ቤቱ ቁምሳጥን በሩ አይገጥምም፤ ተማሪም እየከፈተ ያያል። ስለዚህ አበባዋ የምትታሰረው እቤት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ጋር ነው።

እትዬ ብሉ በመጀመሪያው ዓመት አንሶላ ልታወጣ ስትከፍት አየቻትና ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ይቺ አበባ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ምግብ እንዳታገኝ ነው» አላት መምህሩ ጋዜጣውን ሳያወርድ።

ምግብ እንዳታገኝ! ይህ ለእትዬ ብሉ የሚነገር ነገር አልነበረም። በማግስቱ ከዳቦ ቤት ስትመለስ ማዕድ ቤት እንኳ ሳትገባ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ቅጠሎቹ ዘለስ ዘለስ ብለዋል፤ አንጀቷን በሏት። ቆርቆሮዋን አቅፋ ጓሮ አወጣቻት፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ውሃ አጠጣቻት። «ትንሽ ቀመስ አድርጊ» አለቻት። መምህሩ ከመምጣቱ በፊት መልሳ አስገብታ በሩን ዘጋች፤ በቀጠሉት ቀኖችም እንዲሁ አደረገች።

በዚያ ዓመት በጨለማ የዋለችው አበባ ቅጠል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ መምህሩ አዮዲኑን ጠረጠረ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ አዮዲን ገዛ፤ ቅጠሉ አሁንም ሰማያዊ። በሦስተኛው ዓመት ቁምሳጥኑን በቁልፍ ቆለፈና ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

እትዬ ብሉ በሕይወቷ የሰረቀችው ነገር ቢኖር ያ ቁልፍ ነው፤ እሱም ለአፍታ። እሁድ ከምሳ በኋላ መምህሩ ሸለብ ሲያደርገው ከኮቱ ኪስ አውጥታ በሳሙና ላይ አተመችውና መለሰችው። ሳሙናውን በመሐረብ ጠቅልላ ቁልፍ ሠሪው ዘንድ ሄደች። ቁልፍ ሠሪው ከፎቅ ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለችው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሳሙናውን አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ እንዲህ የሚያደርገው ሌባ ነው።»

«ለምግብ ነው» አለች እየተንተባተበች።

«ለማን ምግብ?»

«ለአበባ።»

ቁልፍ ሠሪው ያን ጊዜ ሞረዱን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። ቁልፉን ሠራላት፤ ሒሳቡን ግን አልቀበልም አለ። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰልፎ ተገኘ። ዳቦውን ስትሰጠው «ብላ እንጂ» አለችው፤ እዚያው ቆሞ በላ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ «ብላ» ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ዳቦ ቤት አልሄደም።

መምህሩም በበኩሉ ወደ አንድ ትልቅ ድምዳሜ እየሄደ ነበር። በገዛ እጁ ቆልፎ፣ ቁልፉን በገዛ ኪሱ ይዞ፣ አበባዋ ግን ስታርች ትሰጣለች። ታዲያ ምን ቀረ? በጨለማ ምግብ የምትሠራ ተክል ተገኘች ማለት ነው፤ ያገኛትም እሱ ነው! መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቶ ይህን ሲያወራ ባልደረቦቹ በአክብሮት ያዳምጡታል፤ እሱ ሲወጣ ሻያቸው ከአፍንጫቸው እስኪወጣ ይስቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እቤት ደግሞ በየዓመቱ «ዘንድሮም ስታርች ሰጠች!» እያለ ይገባል። እትዬ ብሉም «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። ስታርች ማለት መጥገብ ይመስላት ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተች።

እንዲህ ዓመት ዓመትን እየተካ ሄዶ አንድ እሁድ ቁልፍ ሠሪው ሸሚዙን ተኩሶ ወደ ቤታቸው መጣ። ባዶ እጁን ላለመምጣት ዳቦ ይዟል፤ ጠዋት ከእሷው መስኮት የገዛውን። እትዬ ብሉ ሻይ ልታፈላ ማዕድ ቤት ገባችና ጆሮዋን በሩ ላይ ተወችው።

«መምህር» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ «እህትዎን እንዲፈቅዱልኝ ነው የመጣሁት።»

መምህሩ ጋዜጣውን አጠፈ። ከዚያ እህቱ ያለ እሱ አንድ ቀን ማደር እንደማትችል፣ ይህም የተፈጥሮ ሕግ እንደሆነ አስረዳው።

«ሆኖም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሚመጣው ወር ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ ግኝቴን አሳየዋለሁ። በጨለማ ስታርች የምትሠራ አበባ! በራሴ እጅ ቆልፌባት፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ትሠራለች! ወደ ትልቁ የምርምር ተቋም ይወስዱኛል። እዚያ ቤት ይሰጡኛል፤ አብሳይም ይቀጥሩልኛል። ያኔ እህቴን ይውሰዷት፤ ቃሌ ነው። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።»

ተመጋቢዋ እህቱ ከሆነች አብሳዩ ለማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እትዬ ብሉ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ያ ሁሉ ዓመት «እሰይ» ስትልለት የኖረችው የገዛ እጇን ሥራ ነበር። ቁልፍ ሠሪው አንገቱን አቀርቅሮ ነበር፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መምህሩ ብቻ ሻዩን ተቀብሎ «ስኳር አንሶታል» አለ።

እውነቱን ልትነግረው ሞክራለች። በዚያው ሰሞን እራት ላይ «ጋሼ፣ ስለ አበባዋ ነገር…» ብላ ጀምራ ነበር። መምህሩ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ሱፐርቫይዘሩ ፊት የሚያደርገውን ንግግር ሹካውን ይዞ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር አነበነበላት። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ምዕራፍ ሲያስተምር ኖሮ አሁን ገና ምዕራፉ የሱ ሊሆን ነው። እትዬ ብሉ አላስቻላትም። ያንን ፊት በገዛ እጇ ማጥፋት ከበዳት፤ «በርታ፣ ጋሼ» ብላ ወጡን ጨመረችለት።

በማግስቱ ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ሄደች።

«ምን ይሻለኛል?» አለችው። «ከከፈትኩላት ሱፐርቫይዘሩ ያያል፤ ጋሼንም ይወስዱታል። እኛም…»

«እኛም» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ግን እዚያ ሲደርስ አበባዋን በእነሱ ቁምሳጥን ነው የሚቆልፏት። እነሱ ቤት ማን ያወጣታል?»

«ማንም።»

«አየህ? የተማረ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ውሸታም ይሉታል። ጋሼ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ካልከፈትኩ ግን…»

አልጨረሰችውም። ካልከፈተች ግኝትም የለ፣ ተቋምም የለ፣ አብሳይም የለ። አብሳይ ከሌለ ደግሞ ለሾፌሩና ለዚያ ነርስ የሰጠችው መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመለስ ነው። እንግዲህ የሷ ትዳር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ሊቀር ነው። ቁልፍ ሠሪው የብረት ብናኙን ከጠረጴዛው ላይ እፍ አለ።

«ቁልፉ ያንቺ ነው» አላት። «እኔ የሠራሁት ብቻ ነኝ።»

እትዬ ብሉ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አንተው ያዝልኝ። እጄ ላይ ከዋለ አያስችለኝም።»

ሰውዬው ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ቢሆንም ዝም አይነቅዝም ብሎ ቁልፉን ከኋላው ካሉት ሚስማሮች ባንዱ ላይ ሰቀለው።

ያን ሰሞን እትዬ ብሉ በቁምሳጥኑ በኩል ማለፍ ፈራች። አንሶላ መለወጥ ነበረባት፤ አልለወጠችም። ውስጡ የታመመ ሰው የተኛ ይመስል በዚያ ስታልፍ እግሯን ቀለል ታደርጋለች። አንዴማ በሩን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብላታለች። የሆዷን ጭንቀት ሁሉ በመምህሩ ሳህን ላይ አወጣችው፤ በእጥፍ እያቀረበች። መምህሩም የግኝት ዋዜማ እንዲህ የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት አላውቅም ነበር እያለ በላ።

የሱፐርቫይዘሩ ቀን ደረሰ። ቀትር ላይ እትዬ ብሉ እንደ ሁልጊዜው የምሳ ዕቃውን ይዛ ሄደች፤ እግሯ ግን የመምህራን ማረፊያው ጋ አልቆመም። ወደ ቤተ ሙከራው መስኮት ሄዳ ተጠጋች። ተማሪው ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቷል። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን እያየ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። መምህሩ ነጭ ጋዋኑን ለብሷል፤ እሷ ናት የተኮሰችው። ንግግሩን አድርጎ ጨርሷል መሰለኝ ፊቱ ቀልቷል። የነጣውን ቅጠል በሳህን ላይ ዘረጋና አዮዲኑን ጠብ አደረገበት።

ተማሪው አንገቱን አሰገገ። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፤ ደግሞ አንድ ጠብታ ጨመረ። ቅጠሉ ቡናማ እንደሆነ ቀረ።

«ግሩም ነው!» አለ ሱፐርቫይዘሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ልክ እንደ መጽሐፉ! በየትምህርት ቤቱ ዞሬ ይህ ሙከራ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲሠራ ያየሁት እዚህ ነው። ስላሉት ነገርማ፣ ያው ተማሪውን ለማንቃት ያደረጉት ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል። ድንቅ ዘዴ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ተማሪውም አጨበጨበ። ያ ሁሉ ዓመት ሲበላሽ የኖረው ሙከራ ተሳክቶ ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ መምህሩ ብቻ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው እጆቹን አጣምሮ ቆመ። እትዬ ብሉ መስኮቱ ላይ ሆና አለቀሰች። ምሳውን ለዘበኛው ትታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ በአንድ እጁ ቆርቆሮዋን፣ በሌላው የምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ። የምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቁጭ አለ።

«ሙከራው ተሳካ» አላት፤ ሰው ሞተ በሚባልበት ድምፅ።

እሷ አበባዋን አየቻት።

«ያው አበባ ናት። ያው ቁምሳጥን ነው። ያው ቁልፍ ነው። ዘንድሮ ምን ተለየ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእትዬ ብሉ እውነት ብዙ ዓመት አድሮ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ዘንድሮ አላወጣኋትም፣ ጋሼ።»

መምህሩ ቀና ብሎ አያት። እሷም ጀመረች፤ ጓሮውን፣ ፀሐዩን፣ ሳሙናውን፣ ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ቁልፍ ሠሪውን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። መቆጣቱን ጠበቀች፤ አልተቆጣም።

«ለምን?» አለ ብቻ።

«ርቧታል ብዬ ነዋ።»

መምህሩ አበባዋን አያት፤ እህቱን አያት፤ ያልተከፈተውን የምሳ ዕቃ አየ። ከዚያ ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። እራት ብላ ብትለውም አልወጣም። ሳህኑን ከድና በሩ አጠገብ አስቀመጠችለት፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ስትወጣ እንደተከደነ ነበር። አንድ ቤት ሲኖሩ ያ ሰው ሳይበላ ሲያድር የመጀመሪያው ነው። እትዬ ብሉ በዚያ ጠዋት ዳቦ ስትሸጥ ለማንም «ብላ» አላለችም። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ቁልፍ ሠሪውም ዳቦውን ተቀብሎ፣ ፊቷን አይቶ፣ ሳይቆርስ ሄደ። ሁሉን ነገር ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለች ነበር በሆዷ፤ የጋሼንም ግኝት፣ የሷንም ትዳር።

ረፋድ ላይ ቤት ስትደርስ የቃጠሎ ሽታ ከውጭ በር ተቀበላት። ሮጣ ገባች። አበባዋ መስኮቱ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። መምህሩ ትምህርት ቤት አልሄደም። የሷን ሽርጥ ታጥቆ ምድጃው ፊት ቆሟል፤ ዓይኖቹ በጭሱ ቀልተዋል። አንደኛው ድስት ጠቁሮ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ይንተከተካል።

«ጋሼ! ተው እኔ ላድርገው…»

«ቁጭ በይ።»

«እጅህ እኮ ተቃጥሏል!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ!» አለ። ቀጥሎም ድምፁን አለሳለሰ። «ሠላሳ ዓመት ስታርች ድንች ውስጥ አለ እያልኩ አስተማርኩ። ድንቹ እንዴት እንደሚቀቀል ግን አንድ ተማሪ አልጠየቀኝም። ደግ አልጠየቀኝም።»

እትዬ ብሉ ተቀመጠች። በራሷ ማዕድ ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጣ አታውቅምና እጆቿን የት እንደምታደርግ ጠፋት። መምህሩ ሁለት ድንች በሹካ እያሳደደ አወጣና ሳህን ላይ አደረገላት። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ፊቷ አስቀመጠው።

«ብዪ» አላት።

ይህቺን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትናገራት አይቆጠርም። ለእሷ ያላት ሰው ግን፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ አልነበረም። ድንቹን ቆርሳ ጎረሰች።

መምህሩ እንደ ተፈታኝ ተማሪ አጠገቧ ቆሟል። «እንዴት ነው?»

«መሃሉ አልበሰለም» አለች። ዕንባዋ እየወረደ ነበር። «ጨውም የለውም።»

«ጨው አጣሁ። የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ከምድጃው በላይ፣ ሰማያዊ ጣሳ።»

«እንግዲህ ለመድኩት ማለት ነው» አለ፤ ጣሳውን አወረደና ካሰበው በላይ ነሰነሰበት። ጀርባውን ሰጥቷት እንደቆመ፣ «ያንን ቁልፍ ሠሪ ለእሁድ ጥሪው» አላት። «ሱፐርቫይዘር መጠበቅ የለበትም። እኔም አልጠብቅም።»

እትዬ ብሉ ጥሬውንም የበሰለውንም፣ ጨው ያጣውንም ጨው የበዛበትንም አንድ ሳታስቀር በላች። ከዚያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሳህኗን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«ጨምርልኝ» አለችው።